የጂኦግራፊ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሁሉም ዊንተርቦርን

ክበቡ በዚህ ዓመት ያተኮረው ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ካርድ ያለው የቦታ ስም መዝገብ በማዘጋጀት ላይ ነው። ለመለማመጃ የተመረጡት በደቡብ እንግሊዝ፣ በዶርሴትና በዊልትሸር የሚገኙ ዊንተርቦርን (በእንግሊዝኛ «የክረምት ጅረት») የሚባሉ ትንንሽ የወንዝ ዳር መንደሮች ናቸው። ለካርታ አንባቢ ከእነሱ የባሰ ፈተና ማግኘት ያስቸግራል። የመንደሮቹ ስም አንድ ነው፤ ወንዞቻቸው ግን ይለያያሉ፤ ወንዞቹም ቢሆኑ የዓመቱን እኩሌታ ደርቀው የሚከርሙ ናቸው።

ዶርሴት ውስጥ ብቻ በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ጅረቶች አሉ። ሰሜናዊው ስቲክላንድን፣ ክሌንስተንን፣ ዋይትቸርችን፣ ኪንግስተንንና ዜልስተንን አልፎ ስታወር ወንዝ ይገባል። ደቡባዊው ከአባስ ተነሥቶ በስቲፕልተን፣ በሴንት ማርቲንና በመንክተን በኩል ወደ ፍሩም ይወርዳል። እነዚህ ሁሉ መንደሮች መጠሪያቸው የሚጀምረው በዊንተርቦርን ነው። ዊልትሸር ስንሻገር ደግሞ ጋነር፣ ዳንትሲና ኧርልስ በቦርን ወንዝ ዳር፣ ስቶክ በቲል ወንዝ ዳር፣ ባሴትና መንክተን በኬኔት ወንዝ መነሻ አካባቢ ይገኛሉ።

መንክተን ሁለት ጊዜ መምጣቱን ልብ ይሏል። በእንግሊዝኛ የዶርሴቱና የዊልትሸሩ ዊንተርቦርን መንክተን በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ በእኛ ፊደል ሲጻፉ ግን ያቺ ልዩነት ትጠፋለች። ስለዚህ በፊደል ተራ በተደረደረ ሣጥን ውስጥ ሁለቱ መንክተኖች አንድ ካርድ ላይ መውደቃቸው አይቀርም። መፍትሔው የካርዱን አሞላል መገልበጥ ነው፤ ውሃው ይቀድማል፣ ስሙ መጨረሻ ይጻፋል።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ልኬቱ 1:25,000 በሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ የካርታ ሥራ ድርጅት) ካርታ ላይ (4 ሴንቲሜትር አንድ ኪሎሜትር ነው) የመንደሩን ጅረት በጣት ወደ ታች መከተል፤ የሚገባበትን ወንዝ መጻፍ፤ ያንን ወንዝም እስከ ባሕር ድረስ መከተል። የዊልትሸሩ መንክተን ውሃ በኬኔት አድርጎ ቴምዝ ይገባል፤ የዶርሴቱ በፍሩም በኩል ፑል ወደብ ይደርሳል። ባሕር ድረስ መሄድ የግድ የሆነው የወንዞቹም ስም ስለሚደጋገም ነው። ቦርን የሚገባበት፣ በሶልዝበሪ የሚያልፈው ኤቨን በእንግሊዝ ካሉት በርካታ ኤቨኖች አንዱ ነው፤ «ኤቨን» ብሎ ማቆም ምንም አይለይም። አቅጣጫው ሲያጠራጥር የከፍታ መስመሮቹን ማየት ይበጃል፤ ሸለቆ ሲያቋርጡ የሚሠሩት ሹል ወደ ጅረቱ መነሻ ይጠቁማል።

ከዚያ አውራጃው፣ ቀጥሎ የካርታው መለያ ይጻፋል። የብሪታንያ ካርታ 100 ኪሎሜትር ጎን ባላቸው፣ በሁለት ፊደል በሚሰየሙ አራት ማዕዘኖች የተከፈለ ነው፤ የዊልትሸሩ መንክተን በኤስ ዩ፣ የዶርሴቱ በኤስ ዋይ ውስጥ ይወድቃል። ከፊደሎቹ በኋላ የሚመጡት ስድስት አኃዞች ቦታውን በ100 ሜትር ልክ ያሳያሉ። ሦስቱ ወደ ምሥራቅ፣ ሦስቱ ወደ ሰሜን ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መንደሩ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። አብዛኛው የካርድ ስሕተት ከዚህ የመጣ ነው።

ተቃራኒው ችግርም አለ፤ አንድ መንደር ሁለት ካርድ ይወስዳል። ዊንተርቦርን ሴንት ማርቲን ማርቲንስታውን ተብሎም ይጠራል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1955 በአንድ የመለኪያ ቀን 279 ሚሊሜትር ዝናብ የተመዘገበበት ይኸው መንደር ነው፤ የዝናብ መዝገቦች የሚያነሡት ግን በማርቲንስታውን ስም ነው። «ሌላ ስም» የሚለው መስመር ካርዱ ላይ የተጨመረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛዎቹ ስሞች በአብዛኛው ከባለ ርስት ወይም ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ናቸው። አባስ የገዳም ይዞታ፣ ኧርልስ የሶልዝበሪ መሳፍንት ርስት፣ ዋይትቸርች ነጭ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1086 በተጠናቀረው የዶምስዴይ የርስት መዝገብ ግን ብዙዎቹ እንዲሁ ዊንተርቦርን ተብለው ብቻ ሰፍረዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያለው መንገድ የርስቱን ባለቤት ስም ተከትሎ ወደ ኋለኞቹ ሰነዶች መውረድ ነው፤ ያም ሁልጊዜ አያዋጣም።

ጅረቶቹ ለምን እንደሚደርቁ ለማሳየት የተሠራው ሞዴል ከሥራዎቹ ሁሉ የተሻለው ነው። አካባቢው የጠመኔ ድንጋይ ነው፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ የሸለቆውን ወለል ሲነካ ጅረቱ ይፈልቃል። ያ የሚሆነው በእንግሊዝ ብርድ ወራት ነው፤ ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴ የሚታሰበው አንባቢ ወራቱን ቢገለብጥ አይፈረድበትም። ሞዴሉ 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ሻካራ አሸዋ በአንዱ ጫፍ 12፣ በሌላው 6 ሴንቲሜትር ከፍታ ይሞላበታል፤ መሐል ለመሐል 3 ሴንቲሜትር የጠለቀ ቦይ ይወጣል፤ በዝቅተኛው ጫፍ ከቦዩ ወለል ትይዩ ቀዳዳ ይበሳል። ጎኑ የተበሳሳ የውሃ ጠርሙስ ከፍተኛው ጫፍ ላይ ተቀብሮ ግማሽ ግማሽ ሊትር እያረፉ ይጨመርበታል። ውሃው መጀመሪያ በቦዩ ታችኛ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ሲጨመር መነሻው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ሲቆም ይመለሳል። አሸዋው ደቃቅ ከሆነ ቦዩ ሁሉ ረጥቦ ይናዳል፣ መነሻውም አይለይም፤ በችኮላ ከተጨመረ ውሃው ከላይ ሞልቶ ይፈስና ተራ ጎርፍ ይሆናል። በእውነተኛው ጠመኔ ውሃው በብዛት የሚሄደው በስንጥቆች ውስጥ በመሆኑ አሸዋው ምትክ እንጂ ምስል አይደለም።

ለመጪው ዓመት የቆዩት ቅጽል የሌላቸው፣ ዊንተርቦርን ብቻ የሚባሉት ናቸው። የበርክሸሩ ውሃ በላምቦርን በኩል ኬኔት ይገባል። በደቡብ ግሎስተርሸር ያለው ደግሞ ፍሩም በሚባል ወንዝ አጠገብ ነው፤ ይህ ፍሩም ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ኤቨን የሚገባው እንጂ የዶርሴቱ አይደለም፤ ኤቨኑም የሶልዝበሪው አይደለም። ያንን ካርድ የሚሞላው ተማሪ ከባሕሩ ይጀምር።