ክቡር ከንቲባ፣ ግድግዳውን ለሰፈሩ ይስጡት

ለሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ በየሰፈሩ ስለሚሳሉ የግድግዳ ስዕሎች

ክቡር ከንቲባ፣ እንደምን ሰንብተዋል። እኔ የአቶቴ ነዋሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም፤ አንድ ነገር ልጠይቅ ነው።

የኮሪደር ልማቱ ለከተማችን ብዙ አዲስ ግድግዳ አምጥቶላታል። ባዶ ግድግዳ ደግሞ እኛ አገር ባዶ ሆኖ አይቆይም። ወይ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፣ ወይ «መሽናት ክልክል ነው» ይጻፍበታል፤ ይህ ጽሑፍ የት የት እንደሚጻፍ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ካልሆነም አንድ ኮንትራክተር መጥቶ ጀበናና ስኒ ስሎበት ይሄዳል።

ከጀበና ጋር ጠብ የለኝም። የሲዳማ ቡና አገር ተቀምጦ ጀበና ጠላሁ የሚል የለም። ግን ያው ጀበና፣ ከነጭሱ፣ በደረስኩበት ከተማ ሁሉ ይጠብቀኛል። ግድግዳውን አይቶ «ይሄማ ሀዋሳ ነው» ማለት አይቻልም። «ይሄ አሮጌው መናኸሪያ ነው፣ ይሄ አረብ ሰፈር ነው» ማለትማ ጭራሽ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከአዲሶቹ ግድግዳዎች ጥቂቶቹ ለየሰፈሩ ይሰጡ። ምን ይሳል የሚለውን ሰፈርተኛው ይወስን።

ሰፈርተኛው የሚለው አያጣም። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች ይዩ። ቢላዋቸው ቆሮሶውን ከጅራት ወደ ራስ ይገፈዋል፣ ቅርፊቱ እስከ ቅንድባቸው ይረጫል። ከኋላቸው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ራሰ በራውን ቀብሮ ሆድ ዕቃው እስኪጣልለት ተራውን ይጠብቃል። ይህን ቱሪስቱ በስልኩ አንስቶ ይሄዳል፤ ልጆቹ ግን ራሳቸውን አንድም ግድግዳ ላይ አይተው አያውቁም።

ጉዱማሌ አካባቢስ? እዚያ የሚከበረው የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የአዲስ ዓመቱን ቀን የሚቆርጡት አያንቶዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ነው። ሌሊት ቀና ብለው ሰማይ የሚያዩ አባቶች የተሳሉበት አንድ ረጅም አጥር ቢኖር፣ ልጄን ይዤ ሄጄ አሳየው ነበር። ፒያሳ ደግሞ ሳይክሉን ይሳል። ባጃጁ ሳይወረን በፊት ይህ ከተማ በሳይክል ነበር የሚዞረው። ለጥ ያለ መሬት ነው፣ ፔዳሉን መታ መታ ማድረግ ነው፣ አለቀ።

ይህን እኔ በመገመት ጻፍኩት። ሰፈሩ ሲጠየቅ ምናልባት ሌላ ይላል። መጠየቁ ነው ዋናው።

በዓለም ላይ ይህን አጥብቀው ከያዙት ከተሞች አንዷ የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ናት። የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ መነሻው ወጣቶች በየግድግዳው የሚሞነጫጭሩትን ለማስቆም ነበር። ጄን ጎልደን የተባለች ሰዓሊ ተቀጠረችና ሞነጫጫሪዎቹን ራሳቸውን ብሩሽ አስያዘቻቸው። እኔ በጣም የወደድኩት አሠራራቸውን ነው። ፓራሹት ጨርቅ የሚሉት ስስ ጨርቅ አላቸው። ሰዓሊው ንድፉን ጨርቁ ላይ ያወጣና ቦታውን በቁጥር ይከፋፍለዋል፤ 1 ሰማያዊ፣ 2 ቢጫ እያለ። ከዚያ ሰፈርተኛው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ከቦ ይቀባል። ሕፃኑም አዛውንቱም፣ ስዕል የሚባል ነገር የማይሆንለትም። ሲደርቅ ጨርቁ በአክሪሊክ ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። መሰላል መውጣት የለ፣ ዝናብ መጣ ብሎ ማቋረጥ የለ።

ይህን ሳነብ ወዲያው የታወሱኝ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ናቸው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው፣ ፋብሪካው ውስጥ ልብስ እየሰፉ፣ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። የሚኖሩበትን ሰፈር ሰፈሬ ለማለት ጊዜ እንኳ የላቸውም። በእረፍታቸው ቀን አንድ አዳራሽ ተከፍቶላቸው፣ ሻይ ቀርቦ፣ የሚያልፉበትን መንገድ ግድግዳ እነሱ ቢቀቡትስ? የጨርቅ ነገር ደግሞ ለእነሱ ማን ያስተምራቸዋል።

ሰዓሊ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ሩቅ አይሂዱ። ከአዲስ አበባው «አለ» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ቢመጡ ደስ ይለናል። ግን ለዓመታት የሥጋ ቤቱን በሬ፣ የጁስ ቤቱን አቮካዶና ማንጎ፣ የባጃጁን ጀርባ የሳሉልን የማስታወቂያ ጸሐፊዎች እዚሁ አሉ። ባነር ፕሪንት እንጀራቸውን ወሰደባቸው። እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ግድግዳው ላይ ዱላ ደግፈው፣ አንድ መስመር ከጫፍ ጫፍ ሳይነሱ የሚስቡ ሰዎች ናቸው። ጨረታ ሲወጣ ታዲያ «ሕጋዊ ድርጅት፣ የአምስት ዓመት ልምድ፣ ቫት ተመዝጋቢ» ተብሎ በሩ አይዘጋባቸው።

ስለ ቀለሙ ትንሽ ልበል፣ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ። አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ቢያንስ አራት ሳምንት ይድረቅ። ለምረቃ ተብሎ እርጥቡ ላይ ከተቀባ ቀለሙ ይላጣል። እርጥበት ከመሬት የሚስብ ግድግዳም አለ፤ ውሃው ሲተን ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ይተፋል፣ ቀለሙንም ከሥር ያነሳዋል። ርካሽ ቀይና ቢጫ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ በጀቱ ሲያዝ የማደሻው አብሮ ይያዝ። የተላጠ ስዕል ከባዶ ግድግዳ ይብሳል።

ለስምንቱም ክፍለ ከተማ እኩል ይድረስ የሚል ሐሳብ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ፍትሐዊ ይመስላል። በመጀመሪያው ዓመት ግን ሦስት ግድግዳ በደንብ ቢሠራ እመርጣለሁ፤ ስምንቱ በጥድፊያ ከተሠሩ ወደ ጀበናው እንመለሳለን። ስዕሉ ላይ ጽሑፍም ባይኖር ጥሩ ነው። በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ ሲባል ስብሰባው ሦስት ወር ይፈጃል። የቢራ ፋብሪካ ስፖንሰር ልሁን ቢል ደግሞ እሰየው፣ አርማው ግን ጥግ ላይ ትንሽ ሆኖ ይቀመጥ።

ክቡር ከንቲባ፣ የመጀመሪያው ግድግዳ የአሞራ ገደል ቢሆን፣ የመጀመሪያው ስብሰባም እዚያው ዓሣ ተራው ላይ ቢጠራ እላለሁ። ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት ዓሣ አጥማጆቹን አያገኟቸውም። ሾርባው በእኔ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የአቶቴ ነዋሪ