ክታቤ ሳጥኑ ውስጥ አለ?

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን እንባ ይቀድመኛል ብዬ ጻፍኩልሽ።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ኒው ኦርሊንስ ሄጄ ነበር። አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ያለች ከተማ ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተ የቩዱ ሙዚየም አለ። ቩዱ ሥሩ ከአፍሪካ የሆነ እምነት ነው። ትንሽ ነው። የገባሁት ዝናብ ሸሽቼ ነው።

ካየሁት ሁሉ ዓይኔን የያዘችው አንዲት የቆዳ ከረጢት ናት። በእጅ የተሰፋች። ጥግ ጥጓ በላብ ጠቁሯል። ግሪ-ግሪ ይሏታል። እማዬ፣ ቁርጥ የኔን ክታብ!

ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው ይዘዋት የመጡት። እዚያ ሙስሊሞቹ የቁርኣን ቃል ጽፈው ቆዳ ውስጥ ይሰፉ ነበር። ሉዊዚያና ውስጥ ሥራ ሥር፣ አጥንት፣ ጸጉር፣ የእንስሳ ጥርስም ይገባባታል።

ሆዴን ያባባው ግን የአዞው ጥርስ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ጥቁር እናቶች የአዞ ጥርስ በስተው፣ በክር አስረው፣ ጥርስ የሚያበቅል ሕፃን አንገት ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። አዞ ጥርሱ በወለቀ ቁጥር ሌላ ይተካል፤ በዕድሜው እስከ 3,000 ያበቅላል ይባላል። ለዚህ ይመስለኛል የመረጡት። በባርነቱ ዘመን ደግሞ ልጃቸው በማንኛውም ቀን ተሸጦ ሊወሰድባቸው ይችል ነበር። የሚጮሁበት ዳኛ የላቸውም። በእጃቸው ያለው ክርና ጥርስ ነው።

ማሪ ላቮ የምትባል ስመ ጥር የቩዱ ሴት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1881 ነው የሞተችው። ካቶሊክ ናት። ልጆቿን ያስጠመቀችው ካቴድራል ነው። ይህን ሳውቅ የንስሐ አባታችን ስለ ክታቡ ሲቆጡሽ አንገትሽን ደፍተሽ ዝም ያልሽው ትዝ አለኝ። ዝም አልሽ እንጂ አላወለቅሽልኝም።

ከኔ በፊት ሁለት ልጅ ቀብረሻል። ሾተላይ ነው አሉሽ። ሕፃን ትገድላለች የሚሏት ወርዘልያ እንዳትደርስብኝ ደብተራው ዘንድ ሄደሽ የቅዱስ ሱስንዮስን ጸሎት በብራና አጻፍሽ። በቀይ ቆዳ አሰፍተሽ አንገቴ ላይ አሰርሽው። እኔ ግን ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ልጆች ሳቁብኝና ማተቡን በምላጭ ቆርጬ መሬት ላይ ወረወርኩት። "ይሄን የጠንቋይ ነገር ሁለተኛ እንዳላይ" አልኩሽ። አንቺ ጎንበስ ብለሽ አነሳሽው። አቧራውን በነጠላሽ ጫፍ ጠረግሽ። አንድም ቃል ሳትናገሪ ሳጥንሽ ውስጥ ከተትሽው። ያ የነጠላሽ ጫፍ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ይቅር በይኝ እማዬ። ያኔ ልልሽ ይገባኝ ነበር።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ክታቡ ካለ አውጥተሽ አቆዪልኝ። የቆረጥኩት ቦታ ላይ አንቺው ትቋጥሪልኛለሽ።

ልጅሽ