በጽሑፍ ብቻ ስለምታውቂው ልጅ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከድሬዳዋ ሙቀት በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ኮምፒውተር አብሮሽ ስለሚማረው፣ በቴሌግራም ብቻ ስለምታውቂው የጅግጅጋ ልጅ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ጉዳዩ እንደሚገባ፣ የሰውን ስህተት በሰው ፊት እንደሚያርም፣ አንድ ሌሊትም ተሰላችተሽ «ደስ ያለህን አድርግ» ስትዪው ፈቃድ የሰጠሽው መስሎት አሥራ ሁለት ረጃጅም መልእክቶች እንደላከልሽ ነግረሽኛል። «አስፐርገር ያለበት ይመስለኛል፤ ልንገረው ወይ?» ብለሽም ጠይቀሽኛል፤ አስፐርገር የሚሉት ከልጅነት ጀምሮ ከሰው ጋር የመግባባትን መንገድ ለየት የሚያደርግ የአእምሮ አሠራር ነው። አትንገሪው። ምክንያቴን ግን ልጻፍልሽ።

አንቺ ሳትወለጂ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ባቡር ፉርጎ እየቆጠረ በደብተሩ ጀርባ ይመዘግብ ነበር፤ ቁጥሩንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። አንድ ቀን እያስተማርኩ ሲያቋርጠኝ «አፍህን ያዝ!» አልኩት። ልጁ ሁለቱን ከንፈሮቹን በጣቶቹ ጨብጦ ያዘ። ክፍሉ በሳቅ ሲሞላ ያፌዘብኝ መስሎኝ አስወጥቼ ፀሐይ ላይ አቆምኩት፤ የእኛን የግንቦት ፀሐይ ታውቂዋለሽ። ደወል ተደውሎ ስወጣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ፣ ጣቶቹ ከከንፈሩ አልተላቀቁም ነበር። ያዘዝኩትን ነበር የፈጸመው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አስፐርገርን ጨምሮ እንዲህ ያለውን ሁኔታ ሁሉ የሚያጠቃልለውን ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስለ ልጃቸው በአደባባይ ሲናገሩ ሰምቼ። ያን ጊዜ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። ሆኖም ዛሬም «ይህ ነበረበት» ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ዓመት ሙሉ ፊቴ ተቀምጦ ስለተማረው ልጅ ያልደፈርኩትን፣ አንቺ መልኩን አይተሽ ስለማታውቂው ሰው እንዴት ትደፍሪያለሽ?

አስፐርገር የሚለው ስም ራሱ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ከጻፈው የቪየና የሕፃናት ሐኪም ከሐንስ አስፐርገር ነው፤ ያስታወቀችው ግን እንግሊዛዊቷ የአእምሮ ሐኪም ሎርና ዊንግ እ.ኤ.አ. በ1981 ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለብቻው የቆመ ምድብ መሆኑን አስቀርቶ ከኦቲዝም ጋር አጠቃለለው። ምርመራው ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ከተቻለ ወላጆቹን ጠይቆ አስተዳደጉን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያጣራል፤ እያነጋገረው ዓይኑን፣ የድምፁን ዜማና የእጁን እንቅስቃሴ ያያል፤ ጩኸትና ብርሃን እንዴት እንደሚሰማው፣ የለመደው ነገር ሲዛነፍበትም ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ አንቺ ስልክ ላይ የሚደርሰው ፊደሉ ብቻ ነው። ደግሞም ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ በጽሑፍ መነጋገር ይቀላቸዋል፤ የሰው ፊት ማንበብ አይጠበቅባቸውም፣ ለመልሳቸውም ጊዜ ያገኛሉ። ስለዚህ ያለበት ሰው በጽሑፍ ጭራሽ ላይታወቅ ይችላል።

የሌለበት ሰው ደግሞ ያለበት ሊመስል ይችላል። አዲስ አበባ የገባሽ ሰሞን ያከራየሽን ሰውዬ «አንተ» ስላልሽው ባለጌ ተብለሽ እያለቀስሽ ደውለሽልኝ አልነበረምን? እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» የምንለው በፍቅር መሆኑን ሰውዬው በምን ይወቅ? ለዚህም ልጅ አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ሊሆን ይችላል። በኋላ በተማረው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ይከብደዋል፤ ሰሙን ይዞ ወርቁ ሊያመልጠው ይችላል። ምናልባትም በተቆራረጠ ኔትወርክ ሰላምታ ማብዛቱን ትቶት ይሆናል።

ያስተዋልሽው ነገር ግን ከንቱ አይደለም፤ አነጋገርሽን አስተካክዪበት። በሽሙጥና በአሽሙር የምትነግሪውን በግልጽ ንገሪው። ሲያርምሽ ከመቆጣትሽ በፊት እርማቱ ትክክል መሆኑን እዪ። መልእክቱን ቀድተሽ ለጓደኞችሽ «እዩልኝ» ብለሽ አትላኪ፤ ይህንን በጥብቅ አደራ እልሻለሁ፤ የዚያ ክፍል ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ምናልባት አንድ ቀን እርሱ ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ካነሣልሽ፣ ሳትጠራጠሪውና ሳታዝኚለት አዳምጪው።

ለአሁኑ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ያን ሌሊት ደስ ያለህን አድርግ ያልኩህ ስለደከመኝ ነበር፤ በቃኝ ማለቴ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አላነብም፤ ጠዋት ላክልኝና እመልስልሃለሁ።» የሚመልስልሽን ጻፊልኝ።

እናትሽ፣
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ