ወደ ቤትሽ ከመምጣታችን በፊት

ውድ ትዕግሥት፣

ይህን ያህል ጊዜ በመጥፋቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሰበብ ልደርድር ብል ደብዳቤው በእሱ ያልቃል። የጻፍኩልሽ ስለምፈልግሽ ነው። ከፋሲካ በኋላ ልጄን ናሆምን ይዤ ድሬዳዋ ልመጣና እናንተ ግቢ ላርፍ አስቤአለሁ። አዲስ አበባ የማንቆየው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ኦክስጅን ሲያንስ ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመሙ እንዳይቀሰቀስበት ብዬ ነው።

ሕመሙን ታውቂዋለሽ፤ የሆዱን ነገር ግን አልነገርኩሽም። ናሆም «ሆዴን» ሲለኝ «ምን በልተህ ነው?» ብዬ ብቻ ማለፍ አልችልም። ማጭድ የመሰሉት ቀይ የደም ሴሎች ቀጫጭን የደም ሥሮችን ሲዘጉ ሆዱን ያመዋል፤ ሴሎቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚፈርሱም በልጅነት የሐሞት ጠጠር ሊይዘው ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ጣፊያው ነው። ባለፈው ዓመት ደሙ በድንገት ጣፊያው ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ ሆዱ በግራ በኩል አብጦ፣ ደም ተሰጥቶት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ እንዳሳየችኝ ማታ ማታ ከግራ ጎድኑ በታች በጣቶቼ እዳስሰዋለሁ፤ አድጎ ካላገኘሁት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ይህን ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

የተጎዳ ጣፊያ ጀርሞችን ከደም በሚገባ አያጣራም። ስለዚህ ለሌላ ልጅ የጥቂት ቀን ተቅማጥ ሆኖ የሚያልፈው፣ በጥሬ ምግብ የሚመጣው ሳልሞኔላ የተባለ ጀርም በእሱ ላይ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ጠዋትና ማታ የሚወስደው ፔኒሲሊን በተለይ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ከሚያመጣው ጀርም እንዲጠብቀው እንጂ ለሳልሞኔላ የታሰበ አይደለም፤ የታይፎይድ ክትባቱም ሁሉንም የሳልሞኔላ ዓይነት አይከላከልም።

አሁን ለመጻፍ ያመነታሁበት ላይ ደረስኩ። እማማ እንግዳ ልጅ ጥሬ የግመል ወተት ሳይቀምስ ከቤታቸው እንዲወጣ አይፈቅዱም፤ አንቺም ብትሆኚ እንግዳሽ «በቃኝ» ሲል ሰምተሽ አታውቂም። ከእኔ ቢሰሙት ቅር ሊላቸው ይችላልና እባክሽ ቀድመሽ አስረጂልኝ፦ ወተቱ ይፍላ፣ የእንቁላሉ አስኳል እስኪጠና ይብሰል፣ ጥሬ ዶሮ የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ለሰላጣ አይዋል። ለናሆም ግመሎቹን በቅርብ ማየቱ ብቻውን በቂ ደስታ ነው፤ ከአሁኑ በየቀኑ ስንት ቀን ቀረን እያለ ይጠይቀኛል።

ተቅማጥ ወይም ትውከት ከጀመረው ግን ጊዜ የለንም። ኩላሊቱ ውሃ መቆጠብ ስለማይችል በእናንተ ሙቀት ፈጥኖ ይደርቃል፤ ውሃ ሲያንሰው ደግሞ ሴሎቹ ይበልጥ ይታጠፉና ሌላ የሕመም ዙር ይነሣል። ኦ አር ኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት፣ ገዝተሽ አስቀምጪልኝ። ትኩሳቱ 38.5 ከደረሰ ወይም ሆዱ አብጦ ከገረጣ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው፤ ጤና አዳም አፍልቶ እስኪነጋ መጠበቅ አይቻልም። ወባውም ስለሚያሰጋኝ አጎበር ይዤ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አጣሪልኝ። አንቺ ነርሶቹን ስለምታውቂያቸው፣ በሌሊት ደም መስጠት የሚችለው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ፣ ደምስ በእጃቸው ይኖር እንደሆነ ጠይቂልኝ። መልስሽ ሳይደርሰኝ ትኬት አልቆርጥም።

ያንቺው
ሰናይት