ራም ከመግዛታችሁ በፊት ኮዱን እዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ጃቫስክሪፕት (ድረ ገጾች የሚሰሩበት የፕሮግራም ቋንቋ) ሜሞሪውን ራሱ ስለሚያጸዳ ፕሮግራመሩ አያስብበት የሚል ነገር አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ፣ በዚህ አስተሳሰብ የመጣ ጣጣ ሳስተካክል ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

የአንድ መስሪያ ቤት የወረፋ ሲስተም ነው፣ ገጹ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ነው የሚዘጋው። ጠዋት ደህና ነው፣ ከምሳ በኋላ ግን ኮምፒውተሩ እየተጎተተ እየተጎተተ ይቆማል፣ አሮጊቶች ሳይቀሩ ቆመው ይጠብቃሉ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ የማታውቀውን ጥፋት ትሰደብበታለች። አለቆቹ ተጨማሪ ራም (ሜሞሪ) ይገዛ አሉ። እኔ ክሮም ብራውዘር ላይ ሂፕ ስናፕሾት (በዚያ ቅጽበት ሜሞሪው ውስጥ ያለው ነገር ዝርዝር) አነሳሁና ዲታችድ (ከገጹ የተነቀለ) ብዬ ስፈልግ ከስክሪኑ ከጠፉ የቆዩ የሰንጠረዥ ረድፎች በሺዎች ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለካ ገጹ በየ30 ሰከንዱ ረድፎቹን ጥሎ አዲስ ይሰራል፣ የእያንዳንዱ ረድፍ መረጃ ግን ረድፉን ራሱን ኪይ (መፈለጊያ ቁልፍ) አድርጎ ተራ ማፕ (መረጃን ከነቁልፉ የሚይዝ መዝገብ) ውስጥ ገብቷል፣ ማፑ እስከያዘው ድረስ ደግሞ ሜሞሪውን የሚያጸዳው ጋርቤጅ ኮሌክተር አይነካውም፣ እሱ የሚጠርገው ከኮዱ ምንም መድረሻ የሌለውን ብቻ ነው።

ማፑን በዊክማፕ ቀየርኩት። ዊክማፕ ኪዩን አጥብቆ አይይዝም፣ ሌላ የያዘው ከሌለ ኪዩ ከነመረጃው ይጠረጋል፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቋንቋው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ስንት እንዳለበት መቁጠር ወይ በሉፕ መዞር አይቻልም፣ እኔ ግን አላስፈለገኝም። እንዲያም ሆኖ ግማሹ ችግር አልሄደም፣ ምክንያቱም አንድ ሰትኢንተርቫል (ኮድን በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋግም ትእዛዝ) እና ዊንዶው ላይ የተንጠለጠሉ ሊስነሮች (እንደ ክሊክ ያለ ነገር ሲሆን የሚነቁ ኮዶች) ረድፎቹን ይዘው ነበር፣ እዚህ ጋ ዊክማፕ ምንም አያደርግላችሁም፣ ሁለቱን የሚያስቆሙት ክሊርኢንተርቫልና ሪሙቭ ኢቨንት ሊስነር ናቸው መድኃኒቱ።

ጀማሪ ልጆች ደግሞ ይሄን ሲሰሙ ቶሎ ብለው በ2021 እ.ኤ.አ. ወደገባው ዊክሬፍ (አንድን ኦብጀክት አጥብቆ ሳይይዝ የሚያመለክት ነገር) ይሮጣሉ። ተዉ! ዲሬፍ ብላችሁ ኦብጀክቱን ስትጠይቁት ሊኖርም አንዲፋይንድ (ባዶ መልስ) ሊመጣም ይችላል፣ መቼ እንደሚጠረግ በየብራውዘሩ ይለያያል፣ ኦብጀክቱ ሲጠረግ እንዲጠራ የሚመዘገበው የፋይናላይዜሽን ሬጅስትሪ ኮልባክም ጭራሽ ላይጠራ ይችላል፣ ፋይል መዝጋት ወይ ዳታ ሴቭ ማድረግ እሱ ላይ ከጣላችሁ አንድ ቀን ጉድ ትሆናላችሁ። ያመጡት ሰዎች ራሳቸው ከተቻለ አትጠቀሙበት ብለው ጽፈዋል።

እባካችሁ ያንን ጽሁፍ በሚቀጥለው እትም አርሙልን፣ ብዙ ተማሪ ያነባችኋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፕሮግራመር፣ ከአዲስ አበባ