አስታማሚ ጠያቂ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ወረርሽኝ ሲገባ በሆስፒታል በር ቶሎ የሚለጠፈው «ጠያቂ መግባት አይችልም» የሚል ማስታወቂያ ነው። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ አስታማሚንም ከጠያቂ ጋር መቁጠሩ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን በማጠብ፣ በማጉረስና በማገላበጥ፣ የታዘዘ መድኃኒት ፍለጋ በመሮጥም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ከቤት አብሮት የመጣው ሰው ነው። እሱን ከበር መመለስ ሕመምተኛውን ያለ እጅ መተው ነው። በሽታው የማይድን ሆኖ «ወደ ቤት ውሰዱት» ሲባል ደግሞ ያ ሰው በአንድ ጀምበር ነርስም ፋርማሲስትም ይሆናል።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ማመላለሻም ከመጫን አቅሙ ግማሹን ብቻ እንዲጭን ተደረገ። ከክፍለ አገር እየመጣ ለሚታከም የካንሰር ሕመምተኛ ማስታገሻ ባለቀ ቁጥር መመላለስ ምን ማለት እንደነበር መገመት አያዳግትም። የዓለም የጤና ድርጅት ግን ቀደም ብሎ፣ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ በቀውስ ጊዜ የማስታገሻ እንክብካቤ፣ ማለትም የሕመምተኛውን ሥቃይ የሚያቀልል ሕክምና፣ ከሌላው ሕክምና ጋር አብሮ እንዲሰጥ መመሪያ አውጥቶ ነበር።

በቤት ውስጥ ስሕተት የሚበዛው ሞርፊን በሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ላይ ነው። የሚጠጣው ሞርፊን የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ስለሆነ ሕመሙ እስኪበረታ አይጠበቅም። ከበረታ በኋላ ለመመለስ የበለጠ መድኃኒት ይፈልጋል። የተለመደው ሰዓት ንጋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከቀትር በኋላ 8፣ ምሽት 12 እና ማታ 4 ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ የማታው 4 ሰዓት መጠን እጥፍ ይሆንና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መነሣት ይቀራል። ይህን የሚነግራቸው ስለሌለ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ በደወል የሚነቁ ቤተሰቦች አሉ። በሻይ ማንኪያ አይለካ፤ ማንኪያና ማንኪያ እኩል አይይዝም። መርፌው የተነቀለ ሲሪንጅ ይሻላል። አዲስ ጠርሙስ ሲመጣ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ይነበብ፤ ጥንካሬው ከተለወጠ በድሮው ልክ መስጠት ሕመምተኛውን ሊጎዳው ይችላል።

ሞርፊን ሆድ ያደርቃል። ድርቀቱ በጊዜ ብዛት አይለቅም፤ ስለዚህ እንደ ቢሳኮዲል ያለ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። ማቅለሽለሹና እንቅልፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። ሕመምተኛው ተጠርቶ ካልነቃ ወይም በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ ቀጣዩ መጠን ሳይሰጥ ባለሙያ ይጠየቅ። ሽንቱ በጣም ከቀነሰም እንዲሁ፤ ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማልና። ሱስ ያስይዘዋል ብሎ በራስ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ግን የጭካኔ ያህል ነው። ሕመሙ ይመለሳል፤ ላብ፣ ማንቀጥቀጥና ተቅማጥም ይጨመርበታል።

ቤቱን ከወረርሽኙ ለመጠበቅ አንድ አስታማሚና አንድ ተተኪ ይመረጡ። ቢቻል ስኳርና ደም ግፊት የሌለባቸው፣ በዕድሜም ያልገፉ ይሁኑ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው ሁለቱ ከአንድ ማዕድ ሲበሉ፣ በአንድ ክፍል ሲያድሩ ነው፤ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይከተላል፣ ሕመምተኛው ሰው አልባ ይቀራል። ተተኪው ለብቻው ይብላ፣ ለብቻው ይደር። መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓትና መጠን በደብተር ከተጻፈ ድንገት ቢገባም ግራ አይጋባም። ጭምብል አስታማሚው ያድርግ፤ ትንፋሽ ላጠረው ሕመምተኛ ግን አይታሰር። መስኮት ይከፈት፣ ጀርባው በትራስ ተደግፎ ቀና ይበል። በሽታውን ያባርራል ተብሎ በሕመምተኛ ክፍል ዕጣን ወይም ባሕር ዛፍ ማጨስ ሳሉን ያብሳል እንጂ ቫይረሱን አይገድልም። በተዘጋ ክፍል የከሰል ምድጃማ ጤነኛውንም ይገድላል።

የበረኪናው ልክ እንደ ሥራው ይለያያል። 5 በመቶ ተብሎ የሚሸጠውን ለበር እጀታ፣ ለጠረጴዛና ለአልጋ ጠርዝ 1 እጁን በ49 እጅ ውኃ፣ ደም ወይም ትውከት ለፈሰሰበት ቦታ 1 እጁን በ9 እጅ ውኃ መበጥበጥ ነው። ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ይጠረግ፤ ካለበለዚያ የበረኪናውን ኃይል ይጨርሰዋል። የተበጠበጠው በየቀኑ ይቀየር፤ ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቀል።

በጡትና በማሕፀን በር ካንሰር የሚመጣው የቁስል ሽታ ከሁሉ ይልቅ ሕመምተኛዋን ያሳፍራታል፤ ጠያቂ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ብቸኝነቷን ያብሰዋል። ቁስሉ በጨው ውኃ ታጥቦ፣ በባለሙያ ምክር የተፈጨ የሜትሮኒዳዞል ክኒን ቢነሰነስበት ሽታው በእጅጉ ይቀንሳል። መነሣት ያልቻለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይለወጥ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት «አንድ ጉርሻ ብቻ» እያሉ አጥሚት ማስገደድ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ወደ ሳንባ ገብቶ ያንቃል። ያኔ የሚያስፈልገው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ከንፈርና አፍን ማራስ ነው። ጉሮሮው ሲያንኮራፋ በጎኑ ይተኛ። የንስሐ አባት ወይም ሼህ መግባት አይከልከሉ፤ እጅ ታጥበው፣ ጭምብል አድርገው ለአጭር ጊዜ ይግቡ። ዓረብ አገርና አሜሪካ ያሉ ልጆች ደግሞ ሕመምተኛው መስማት ሳይሳነው በስልክ ድምፃቸውን ያሰሙት።

ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ቀጣዩ ወረርሽኝ ሳይመጣ እንዲወስኑ የምንጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። የማይድን ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ ቢያንስ የ1 ወር ማስታገሻ፣ በአማርኛ ወይም ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ የሰዓት ሰንጠረዥ፣ ሌሊትም የሚነሣ የስልክ ቁጥር ይሰጠው። አስታማሚው መንገድ ሲዘጋ የሚያሳየው የይለፍ ወረቀት፣ ሆስፒታል ሲገባም ጭምብልና ጓንት ይኑረው። ሕመምተኛው ካረፈ በኋላ የተረፈውን ሞርፊን ተቀብሎ የሚያስወግድ ጤና ጣቢያም በየወረዳው ይታወቅ።

ሕሙማንን በየቤታቸው የምንከታተል ነርሶች
አዲስ አበባ