«ለብቻ ተጓዥ» ተብሎ ስለተከራየልኝ ካምፐር ቫን የቀረበ ቅሬታ

ለካምፐር ቫን አከራይ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ጉዳዩ፦ የተቆረጠብኝ የባትሪ ዋጋና ያልተጠቀምኩበት ኪራይ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ባለፈው ጥቅምት ወር ከድርጅታችሁ ካምፐር ቫን (ውስጡ የሚታደርበት መኪና) ተከራይቼ በዩታ ስቴት ፓርኮችና በዙሪያቸው ባሉ ትናንሽ ከተሞች ብቻዬን ተጉዣለሁ። ውሉን በአማርኛ አስረድቶ ያስፈረመኝ የእናንተው ባልደረባ በመሆኑ ይህንንም ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። መኪናውን በመለስኩ ማግስት የመኖሪያ ክፍሉን ባትሪ «ከልክ በላይ አራግፈሻል» ተብሎ ከመያዣ ገንዘቤ ላይ 380 ዶላር ተቆርጧል። ባትሪው በእኔ እጅ አልተበላሸም፤ ሲሰጠኝም ያረጀ ነበር። የዚህን ማስረጃ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

መጀመሪያ ያደርኩት ከሞአብ ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በዴድ ሆርስ ፖይንት ስቴት ፓርክ ነው። እዚያ የካምፑ ቦታዎች የኤሌክትሪክ መሰኪያ ስላላቸው ፍሪጁም፣ መብራቱም፣ የማሞቂያው ማራገቢያም ያለ እንከን ሠርተዋል፤ ኃይሉ የሚመጣው ከመሰኪያው ስለነበር የባትሪው ድካም ሊታይ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። በነገራችን ላይ ከቁልፉ ጋር የሰጣችሁኝ የመመሪያ ወረቀት የውኃ ጋኑን እዚያው ፓርክ ውስጥ እንድሞላ ይነግራል። ፓርኩ ውኃውን በቦቴ ከታች እያስመጣ የሚጠቀም ስለሆነ ለካምፐር ጋን መሙያ የለውም፤ ጎብኚዎችም ሞልተው እንዲመጡ ያሳስባል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ሆኖም ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ቦታውን አጣርቶ እንዳልጻፈ ያሳያል።

ዋናው ችግር የተፈጠረው በጎብሊን ቫሊ ስቴት ፓርክ ነው። በዚህ ካምፕ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለም፤ መኪናውን ስከራይም ወደዚያ እንደምሄድ ለባልደረባችሁ ነግሬው፣ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ እንደሚበቃኝ አረጋግጦልኛል። ከሞአብ ተነስቼ እስክደርስ ድረስ ሞተሩ ባትሪውን ሲሞላ ስለቆየ የግድግዳው መቆጣጠሪያ «ሙሉ» የሚል ምልክት ያሳይ ነበር። ፀሐይ ጠልቃ ማሞቂያውን ስከፍት ግን ብዙም ሳይቆይ ኃይሉ ወደቀ፤ መብራቱ ፈዘዘ፣ ፍሪጁ ቆመ። ሞተሩን አስነስቼ ጥቂት ሳስሞላው እንደገና «ሙሉ» አለኝ፤ ሳጠፋው ወዲያው ተመልሶ ወደቀ። ሞተር አስነስቶ መተኛት ደግሞ በጭሱ ምክንያት የሚታሰብ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን ቅዝቃዜው አልነበረም። የፕሮፔን ጋዝ መፍሰሱን የሚያሳውቀው አላርም ኃይል የሚያገኘው ከዚሁ ባትሪ ነው፤ ጥቂት ጮኾ እሱም ጸጥ አለ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ አላርሙም ከወለሉ አጠገብ የተገጠመው ለዚህ ነው። ከሌላ ሰው ጋር የሚተኛ ተጓዥ ሽታው ቀድሞ የሚሰማው ጓደኛ ሊኖረው ይችላል፤ ብቻውን ለሚያድር ሰው ግን የሚቀሰቅሰው ያ አላርም ብቻ ነው። ስለዚህ የጋዙን ሲሊንደር ዘግቼ ከቤት ይዤው በወጣሁት ጋቢ ተጠቅልዬ አነጋሁ።

በካምፑ የስልክ ኔትወርክ ስላልነበረ በነጋታው ሃንክስቪል ከተማ ድረስ ነድቼ፣ ዐለት ተቦርቡሮ ከተሠራው ነዳጅ ማደያ አጠገብ ቆሜ የሃያ አራት ሰዓት እርዳታ ወዳላችሁት ቁጥር ደወልኩ። የተሰጠኝ መልስ «እህቴ፣ እርዳታው ለሞተርና ለጎማ ነው፤ የቤቱ ዕቃ የምቾት ጉዳይ ነው፤ ደግሞ ብቻሽን ባትወጪ ይሻል ነበር» የሚል ነው። የመጨረሻውን ቃል ከዘመድ ሰምቼው ቢሆን በዝምታ አልፈው ነበር። መኪናውን «ለብቻ ተጓዥ የተመቸ» ብሎ አስተዋውቆ ካከራየ ድርጅት ስሰማው ግን ማለፍ አልቻልኩም፤ ብቻዬን መሆኔን ከተፈራረምንበት ቀን ጀምሮ ታውቃላችሁ፣ በውሉም ላይ ሌላ አሽከርካሪ አልተመዘገበም። የጋዝ አላርምን ከፍሪጅና ከመብራት ጋር በምቾት ዕቃ መዝገብ ውስጥ ማስፈርም ተቀባይነት የለውም።

በዚህ ምክንያት በሀይዌይ 12 አድርጌ ወደ ኮዳክሮም ቤዝን ስቴት ፓርክ ልቀጥል የነበረውን ጉዞ አቋርጬ ተመለስኩ። በግሪን ሪቨር ከተማ ያገኘሁት መካኒክ ባትሪውን ፈትሾ ውጤቱን በጽሑፍ ሰጥቶኛል፤ ቅጂውን አባሪ አድርጌአለሁ። ባትሪው ምንም ሳይሠራበት 12.7 ቮልት ያነባል፤ የኤሌክትሪክ ጭነት ሲሰጠው፣ ማለትም ኃይል የሚወስድ ዕቃ ሲሠራበት ግን ወዲያው ከ10.5 ቮልት በታች ይወርዳል። መቆጣጠሪያችሁ «ሙሉ» እያለ ያታለለኝም በዚህ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ላይ የታተመው ቀን ደግሞ ከተመረተ አምስት ዓመት እንዳለፈው ያሳያል። እንዲህ ያለ ድካም በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ባትሪውን ጭነት ላይ ብትሞክሩት ኖሮ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ የቆረጣችሁብኝ 380 ዶላር እና ጉዞዬን ካቋረጥኩበት ቀን ጀምሮ ያለው ኪራይ እንዲመለስልኝ፣ በኮዳክሮም ቤዝን ያጣሁት የካምፕ ክፍያም እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ። የመንገድ ላይ እርዳታው የጋዝ አላርምን እንደሚያካትትና እንደማያካትት ደግሞ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እፈልጋለሁ፤ ይህ መኪና አሁንም ለሌሎች እየተከራየ ከሆነ ባትሪው ሳይቀየር እንዳይወጣ አጥብቄ አሳስባለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ14 ቀናት ውስጥ ምላሽ ካላገኘሁ የክሬዲት ካርድ ክፍያውን በባንኬ በኩል እቃወማለሁ፤ ለኮሎራዶ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍልም አቤቱታ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የኪራይ ውል፣ የተቀናሽ ደረሰኝ፣ የመካኒኩ የፍተሻ ውጤት፣ የባትሪው ፎቶግራፍ